የታመመ ወላጅም ወላጅ ነው

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ አዳራሽ ስለ ትምህርት፤ ስለ ሥራ ማጣትና ስለ ሰላም ብዙ ጊዜ ተነግሯል። እኔ ዛሬ የመረጥሁት ርእስ ግን በአደባባይ ሳይሆን በቤት ውስጥ የሚገኝ ነው። ይኸውም፤ የአንጎል ዕጢ ያለበት ሰው የልጆች አባት ወይም እናት ሆኖ እንዴት ይኖራል? የሚል ነው።

ይህ የሐኪሞች ጉዳይ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። በከፊል እውነት ነው፤ የሕክምና ትምህርት የሚማሩ ጓደኞቼ በሽታውን ከእኔ አብልጠው ያውቁታል። ዳሩ ግን ሐኪሙ በሽተኛውን የሚያየው ለጥቂት ሰዓት ነው፤ ልጆቹ ግን ክረምት ከበጋ አብረውት ይኖራሉ። እኔ የምናገረው ከልጆቹ ወገን ሆኜ ነው።

የአገራችን ሰው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል። ምሳሌውን የማያውቅ የለም፤ በየቤታችን ግን የምንሠራው ተቃራኒውን ነው። ከባድ በሽታ ሲገባ መጀመሪያ የምናደርገው ነገር መደበቅ ነው፤ ከበሽተኛው እንደብቃለን፤ ከልጆቹም እንደብቃለን። እኔ ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህ ነው፤ ወላጅን ከወላጅነት ቦታው የሚያወርደው ብዙ ጊዜ ዕጢው ሳይሆን መደበቁ ነው።

በመጀመሪያ ስለ በሽታው ጥቂት ልበል። የአንጎል ዕጢ ማለት በራስ ቅል ውስጥ ያለ ቦታው የበቀለ ሥጋ ነው። ዓይነቱም ብዙ ነው። አንዳንዱ በሌላ የአካል ክፍል፤ ለምሳሌ በሳንባ ወይም በጡት ከጀመረ ካንሰር ተሠራጭቶ የሚመጣ ነው። አንዳንዱ ከአንጎሉ ከራሱ ይነሣል፤ አንዳንዱም አንጎልን ከሸፈነው ስስ ሽፋን ይነሣል። ከሽፋኑ የሚነሣው ሜኒንጂዮማ ይባላል። በአዋቂዎች ዘንድ እዚያው በራስ ቅል ውስጥ ከሚጀምሩት ዕጢዎች ሁሉ የሚበዛው እርሱ ነው፤ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይታያል፤ አብዛኛውም ካንሰር ያልሆነና ቀስ ብሎ የሚያድግ ነው። ከአንጎሉ ከራሱ ከሚነሡት መካከል ግን ግሊዮብላስቶማ የሚባል እጅግ ክፉ ዓይነት አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ አንድ ታላቅ ጥናት እንደ ታየው፤ በዚህ ዓይነቱ ዕጢ ተይዘው በጨረር ብቻ ከታከሙት ሰዎች ግማሾቹ የኖሩት ከ12 ወር ያልበለጠ ጊዜ ነበር፤ ቴሞዞሎማይድ የተባለ መድኃኒት ሲጨመርበት ወደ 15 ወር ገደማ ደረሰ። እንግዲህ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ፤ ለአንዱ ሰው የብዙ ዓመት ኑሮ ሲሆን ለሌላው የአንድ ዓመት ዕድሜ ነው። ስለዚህ «የአንጎል ዕጢ» ሲባል ወዲያው መቃብር የሚታየው ሰው ተሳስቷል፤ «ቀላል ነው፤ ያልፋል» የሚለውም ተሳስቷል።

የራስ ቅል አጥንት ነውና አይለጠጥም። በውስጡ የበቀለው ነገር ቦታ ሲያጣ አንጎሉን ይጫነዋል። ከዚህም የተነሣ ሌሊትና ጧት የሚብስ ራስ ምታት፤ ማስመለስ፤ የዓይን መፍዘዝ፤ የአንድ ወገን እጅና እግር መድከም፤ የሚጥል በሽታ፤ አንዳንድ ጊዜም የጠባይ መለወጥ ይመጣል። ራስ ምታት ሁሉ ዕጢ ነው ማለቴ አይደለም፤ እጅግ አብዛኛው አይደለም። ነገር ግን ቀድሞ ያልነበረ ራስ ምታት ከሳምንት ሳምንት እየባሰ ሲሄድ፤ ወይም አዋቂ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጥለው፤ ምርመራ ያስፈልገዋል። ደግሞም በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይጋባም፤ እጅግ ጥቂት ከሆኑት በቀርም በዘር አይወረስም።

ሰው ከዚህ በሽታ ጋር መታገል የጀመረው በቅርብ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 ለንደን ላይ ሪክማን ጎድሊ የተባለ ሐኪም የአንድ ወጣት ገበሬን ራስ ቅል ከፍቶ ዕጢ አወጣ። የት እንዳለ የሚያሳይ መሣሪያ አልነበረም፤ ቦታው የታወቀው የበሽተኛውን ክንድና እግር ድካም በመመርመር ብቻ ነው። ዕጢው ወጣ፤ ገበሬው ግን ከአንድ ወር በኋላ ቁስሉ ተመርዞ ሞተ። በአሜሪካ ሃርቪ ኩሺንግ እ.ኤ.አ. በ1931 ሁለት ሺሕኛውን የአንጎል ዕጢ ቀዶ ሕክምና አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ ጎድፍሪ ሃውንስፊልድ የሠራው ሲቲ ስካን የተባለው መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ በእንግሊዝ አገር የአንዲት ሴት ራስ ውስጥ ያለውን ዕጢ ያለ ቢላዋ አሳየ።

በአገራችን ይህ ሙያ ገና ወጣት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ የበርገን ሐኪሞች ጋር ተባብሮ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከዚያ በፊት በዚህ ሙያ የሚሠሩት ውጭ አገር የተማሩና በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የጨረር ሕክምናም ቢሆን እ.ኤ.አ. ከ1997 አንሥቶ ለሃያ ዓመት ያህል የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ዛሬ ከሥልጠናው የወጡ ሐኪሞች ከአዲስ አበባ ውጭም ይሠራሉ፤ ይህም የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም በገጠር ለሚኖረው ሰው መንገዱ አሁንም ሩቅ ነው።

ይህን መንገድ እኔ አውቀዋለሁ፤ የተወለድሁት አዲ አርቃይ ነውና። ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሽሬ የሚሄደው መንገድ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አልፎ፤ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ደባርቅ ይደርሳል። ከደባርቅ በኋላ ደጋው ያልቃል፤ መንገዱ በሊማሊሞ ገደል እየተጠማዘዘ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ዛሪማን አልፎም አዲ አርቃይ ይገባል። እንግዲህ ራሱን የሚያመው የአዲ አርቃይ ሰው ሐኪም ፍለጋ ሲሄድ ያንን ገደል ሽቅብ መውጣት አለበት። በአውቶቡስ ውስጥ ቢያስመልሰው «የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ነው» ይሉታል፤ ደባርቅ ደርሶ ራሱን ቢያመው «የደጋው ብርድ ነው» ይሉታል። የበሽታውን ምልክት መንገዱ ይሸፍነዋል። ጎንደር ደርሶ በሽታው ቢታወቅም፤ ወደ አዲስ አበባ ከተላከ ገና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀረዋል።

በዚህ መንገድ ከሄዱት መካከል አንዷ እናቴ ናት። ራስ ምታቱ የጀመራት በ2011 ዓ.ም. ነበር። ምች ነው ተባለና ዳማከሴ ተጨመቀላት። ቀጥሎም ጠበል ተጠመቀች። አንድ ቀን ጧት እንጀራ ስትጋግር ምጣዱ አጠገብ ጣላት፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ክብሪት እየጫረ አሸተታት። ከዚያ በኋላ ጎንደር መጥታ ተመረመረችና ሜኒንጂዮማ ተገኘባት። አባቴ ጥንድ በሬውን ሸጦ ወደ አዲስ አበባ ወሰዳት፤ በ2012 ዓ.ም. ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። የዕጢው አብዛኛው ክፍል ወጣ፤ ከትልቅ የደም ሥር ጋር የተጣበቀው ጥቂቱ ግን ቀረ። ያ ቅሪት ዛሬም አለ፤ እናቴም አለች። ስለዚህ «ድናለች» ልላችሁ አልችልም፤ «ከበሽታው ጋር ትኖራለች» እላችኋለሁ እንጂ።

እንግዲህ የመደበቁ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። የምርመራው ውጤት የተነገረው ለአባቴና ለአጎቴ ነበር። እነርሱም እንዳትደነግጥ ብለው ለእናቴ «ትንሽ እባጭ ነው» አሏት። በኋላ ነገሩን ስታውቅ የተናገረችውን ቃል አልረሳውም፤ «ራሴን ከፍተው ያዩትን ለሁሉ ነገሩ፤ ለባለ ራሷ ግን አልነገሩም» አለች።

እኛ ልጆችም «እናታችሁ ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች» ተባልን። እኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ስለ ነበርሁ አላመንሁም፤ መጠየቅ ግን ነውር መስሎ ይታይ ነበር። እኅቴ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ ከሌሎች ልጆች አፍ «እናትሽን ጋኔን ይዟታል» የሚል ሰማች። የአምስት ዓመቱ ወንድሜ ነገር ግን ከሁሉ የባሰ ነበር። እናታችን ከመሄዷ ጥቂት ቀን በፊት «እንጨት አቀብለኝ» ብትለው እንቢ ብሎ ጮኾባት ነበር፤ እርሷም ያን ጊዜ ራሷን በሁለት እጇ ይዛ ተቀመጠች። ልጁ የእናቱ ራስ የታመመው በእርሱ ጩኸት መሆኑን አመነ። ለማንም አልተናገረም። ሁለት ወር ሙሉ ቃል ከአፉ የሚወጣው በጭንቅ ነበር፤ ሰው ሲጮኽ ከሰማ ጆሮውን ይዞ ይሸሻል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ልብ በሉልኝ። እውነቱ ባይነገር ቦታው ባዶ ሆኖ አይቀርም። በእኅቴ ልብ ወሬ ገባበት፤ በወንድሜ ልብ ደግሞ ኃጢአት ያልሆነ ኃጢአት ገባበት። ከሁለቱም ይልቅ እውነቱ ይቀል ነበር።

እናቴ በተመለሰች ጊዜ ይህን በገዛ እጇ አስተካከለችው። ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን ሦስታችንንም አስቀምጣ ሻሿን ፈታችና ጠባሳውን አሳየችን። «በራሴ ውስጥ ዕጢ በቅሎ ነበር፤ አወጡልኝ፤ ጥቂት ቀርቷል። አንዳንድ ቀን ይጥለኝ ይሆናል። ጋኔን አይደለም» አለችን። ትንሹ ወንድሜ «እኔ ስለ ጮኽሁብሽ ነው?» ብሎ ጠየቃት። «የለም ልጄ፤ በጩኸት አይመጣም፤ አንተ ሳትወለድ የጀመረ ይሆናል» አለችው። «ትሞቻለሽ?» አላት። «ሰው ሁሉ ይሞታል፤ የኔን ቀን አላውቀውም። ዛሬ ግን እራት አብረን እንበላለን» አለችው። ልጁ ጠባሳውን በጣቱ ነካ አደረገውና ተነሥቶ ሊጫወት ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ቀድሞው ያወራ ጀመር።

ከዚያ በኋላ ቤቱ እንደ በሽታው ተደራጀ። የሚጥለው ሰው ብቻውን እሳት አጠገብ መሆን፤ ብቻውን ወንዝ መውረድ አይገባውም። ስለዚህ አባቴ ምድጃውን በጭቃ ከፍ አድርጎ ሠራው፤ መጋገሩን እኅቴ ከአክስቴ ጋር ያዘች። እናቴ ግን ከማጀቱ አልወጣችም፤ ሊጡን የምትመለከት፤ ቤቱን የምታዝ፤ የሚመረቀውን የምትመርቅ፤ የሚቆጣውን የምትቆጣ እርሷ ናት። ቁጣዋ ለጥቂት ሳምንት ከልክ አልፎ ነበር። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የአንጎልን እብጠት የሚቀንስ ዴክሳሜታዞን የሚባል መድኃኒት ትወስድ ነበር፤ ይህም መድኃኒት እንቅልፍ ይነሣል፤ ምግብ ያስመኛል፤ ጠባይም ያከፋል። ይህን ስላወቅን ልጆቹ «እማ ጠላችን» አላሉም፤ «መድኃኒቱ ነው» ብለው አሳለፉት። ለሚጥለው በሽታ የታዘዘላትን ፌኖባርቢታል ማታ ማታ ማቀበልም የእኅቴ ሥራ ሆነ።

ይህ ሁሉ ምን እንደ ጠቀመ የታወቀው በ2013 ዓ.ም. ክረምት ነው። ጦርነቱ አዲ አርቃይ ሲደርስ ሕዝቡ ሽቅብ ወደ ደባርቅ ተሰደደ፤ እኛም ከተሰዳጆቹ ጋር ነበርን። እኅቴ መድኃኒቱን በመቀነቷ ቋጥራ ሊማሊሞን ወጣች። ደባርቅ ላይ ተፈናቃዮች በሰፈሩበት ትምህርት ቤት ውስጥ ሳለን መድኃኒቱ አለቀ። ይህ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ መጣሉን ያብሰዋል። እኔና አባቴ ውሃ ፍለጋ በወጣንበት ሰዓት እናቴን ጣላት። ሰዉ ከበባት፤ አንዱ ክብሪት ጫረ፤ አንዱ ማንኪያ በጥርሷ መካከል ሊከት መጣ። የአሥር ዓመቷ ልጅ ግን «ተዉት! አፏ ውስጥ ምንም አትክተቱ፤ በጎኗ አስተኟት፤ ዕጢ ነው እንጂ ጋኔን አይደለም» ብላ አዘዘች፤ ትልልቆቹም ታዘዙላት። በማግሥቱ ከተፈናቃዮቹ መካከል የነበረ አንድ የጤና ባለሙያ መድኃኒቱን ፈልጎ አመጣልን። እናቴን በዚያ ሰዓት የረዳት ለአንዲት ሕፃን አስቀድሞ የተነገራት እውነት ነው።

ይህን ስናገር አባቶቻችን ያለ ምክንያት ደበቁ ማለቴ አይደለም። ፍቅርና ርኅራኄ ነው። «ለታመመ ሰው ሞቱን አይነግሩትም፤ ለልጅ ጭንቅ አያሸክሙትም» ይላሉ። የመርዶ ሥርዓታችንን ተመልከቱ፤ ኀዘንተኛውን ድንገት በመንገድ አይነግሩትም፤ ብቻውንም አይነግሩትም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፤ ዘመድ ተጠርቶ፤ ማልዶ ይነገረዋል። እኔ በበኩሌ ከዚህ ሥርዓት የምማረው መደበቅን ሳይሆን የመንገርን ወግ ነው። ከባድ ነገር በሰዓቱ፤ በወዳጅ መካከል፤ በሚቻል መጠን ይነገራል። በሞት ጊዜ የምናውቀውን ይህን ጥበብ ሰውየው በሕይወት ሳለ ለምን አንሠራበትም?

ለልጅም በመጠኑ መንገር ይቻላል። ለአምስት ዓመት ልጅ ሦስት ነገር ይበቃዋል፤ በሽታው ስም አለው፤ የአንተ ጥፋት አይደለም፤ የሚያበላህና የሚያስተኛህ ሰው አለ። የአሥር ዓመቷ ምን ማድረግ እንደምትችል ትነገር። የአሥራ ስድስቱ ሙሉውን ይስማ፤ አለዚያ በራሱ ግምት ይሠቃያል።

በሽታው ክፉው ዓይነት በሆነ ጊዜ ደግሞ መናገሩ ይበልጥ ያስቸኩላል። ዕጢው የቃልን ቦታ ሊወስድ ይችላል፤ ማስተዋልንም ሊወስድ ይችላል። አንደበቱ ሳይዘጋ፤ ልጆቹን ማን እንደሚያሳድግ፤ ብድሩ ምን ያህል እንደ ሆነ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ሊተወው የሚፈልገው ቃል ምን እንደ ሆነ መናገር አለበት። አገራችን ኑዛዜ የምትለው ትልቅ ነገር አላት። መሞቱን ያልተነገረው ሰው ግን እንዴት ሊናዘዝ ይችላል? በርኅራኄ ስም የመጨረሻውን የወላጅነት ሥራ እንቀማዋለን ማለት ነው።

ጠበልንና ሐኪምን የሚያጣሉም አሉ። ማጣላት አያስፈልግም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መናገራቸው ይታወሳል። እናቴም እንዲሁ ታደርጋለች፤ ከጠበሉ አልቀረችም፤ ኪኒኗንም አላቋረጠችም።

አሁን ወደ ሥራ ልመለስ፤ ተናግሮ መሄድ ብቻ አይበቃምና። ለማኅበራችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ክረምት ወደየአገራችን ስንሄድ ለሚጥለው ሰው የሚደረገውን እርዳታ እናስተምር። ትምህርቱ አጭር ነው፤ ከእሳትና ከድንጋይ አርቁት፤ በጎኑ አስተኙት፤ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፤ ክብሪት አታሽትቱት፤ ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቆየ ወደ ጤና ድርጅት አድርሱት፤ የሚወስደውንም መድኃኒት ያለ ሐኪም ፈቃድ በአንድ ጊዜ አታስቋርጡት። ይህን በቤተ ክርስቲያን ግቢ፤ በእድር፤ በገበያ ቀን መናገር ዲግሪ አይጠይቅም።

ሁለተኛ፤ ከገጠር የመጣ በሽተኛ በትልቅ ሆስፒታል ደጅ ሲቆም ከበሽታው ይልቅ ግቢው ያስፈራዋል። የሪፈር ወረቀቱን የሚያነብለት፤ የጤና መድን ደብተሩን የት እንደሚያሳይ የሚነግረው፤ የቀጠሮውን ቀን በግልጽ የሚያስረዳው ሰው ይፈልጋል። ማኅበራችን በተራ የሚቆሙ ፈቃደኞችን ይመድብ። እ.ኤ.አ. በ1954 በጎንደር የተከፈተው የጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን ወደ ገጠሩ ሕዝብ ወስዶ ያስተምር ነበር፤ እኛ ደግሞ የገጠሩ ሕዝብ ደጃችን ድረስ ሲመጣ እጁን መያዝ እንዳያቅተን።

ሦስተኛ፤ በመካከላችን ወላጁ በከባድ በሽታ የተያዘ ተማሪ እንዳለ አትጠራጠሩ። ከክፍል የሚቀር፤ ስልክ በተደወለ ቁጥር የሚደነግጥ፤ ገንዘቡን ወደ ቤት የሚልክ እርሱ ነው። ክቡራን መምህራን፤ እንዲህ ያለውን ተማሪ ከመቅጣታችሁ በፊት ለብቻው ጠርታችሁ ጠይቁት። ጓደኞቹም አንድ ማታ አብረነው እንቀመጥ፤ የጎደለውንም ማስታወሻ እንገልብጥለት።

ነገ ሐኪሞች ለምትሆኑት ጓደኞቼ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ውጤቱን ለወንድሙ ወይም ለባሏ ከመንገራችሁ በፊት ባለ ራሱን ጠይቁት፤ «ማወቅ ትፈልጋለህ? ማን አብሮህ ይስማ?» በሉት። ቀጥላችሁም «ልጆች አሉህ? ምን ተነገራቸው?» በሉት። ይህ ጥያቄ መሣሪያ አይፈልግም፤ ወጪም የለውም።

ሁሉም ዕጢ የሚወጣበት ቀን ሩቅ ይሆናል። ለልጅ እውነቱን መንገር ግን ዛሬ በማንኛውም ቤት፤ በሊማሊሞ ላይም ሆነ ከሊማሊሞ በታች ይቻላል። የታመመች እናት ሥራዋ ይቀንስ ይሆናል እንጂ እናትነቷ አይቀንስም፤ ልጆቿም ይህን የሚያውቁት ከበሽታዋ ጋር በግልጽ ሲኖሩ ነው።